ቆሞ የተጓዘው አባት

ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ አባት፣ የአንዲት እናትና ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ ልጃቸው ታሪክ ነው። ዕድሜያችሁ የፈቀደላችሁ ልጁን ታስታውሱታላችሁ። በ1996 ከቢል ክሊንተን ጋር ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተፎካከረው ሴናተር ቦብ ዶል ነው፤ ያ ቀኝ እጁን አጠፍ አድርጎ፣ ሁልጊዜ ብዕር ጨብጦበት ይታይ የነበረው ረጅም ሰው። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተወርቷል። እኔ የምወስዳችሁ ወደ ወላጆቹ ቤት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስሙልኝ።

በአሜሪካ መሀል አገር፣ በካንሳስ ግዛት፣ ራስል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዙሪያዋ የስንዴ ማሳ ነው፤ ከመሬቷ ሥር ደግሞ ነዳጅ ይወጣል። ዶራን ዶል በዚህች ከተማ ከገበሬው እንቁላልና የወተት ክሬም እየተረከበ የሚነግድ ሰው ነበር፤ በኋላም የእህል ጎተራ ኃላፊ ሆነ። ቱታውን ለብሶ በማለዳ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ከሥራ መቅረት አይወድም። ወሬም አያበዛም።

ሚስቱ ቢና ግን እሳት ነበረች። የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ጭና እየዞረች ትሸጣለች፤ ስፌትም ታስተምራለች። ሲንጀር ሲባል የእኛም አገር እናቶች ትዝ ይሏችኋል። ስንቷ ናት በዚያ መኪና ልጆቿን አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች! ቢናም እንደዚያው ነች። በ1930ዎቹ ድርቁና የአቧራው ማዕበል ካንሳስን ሲያምስ፣ ኢኮኖሚውም ሲደቅ፣ ዶሎች ቤታቸውን ለነዳጅ ሠራተኞች አከራዩና ከአራት ልጆቻቸው ጋር ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ስድስት ነፍስ በአንድ ምድር ቤት ማለት ነው። በዚያ ቤት ታዲያ «አልችልም» የሚል ቃል ነውር ነበር። ከልጆቹ አንዱ አልችልም ያለ እንደሆነ ከቢና ቁጣ የሚያስጥለው የለም።

ቦብ የተወለደው በ1923 ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከ88፣ ሩጫ የሚያውቅ፣ ቅርጫት ኳስ የሚወድ ልጅ ሆነ። ከትምህርት መልስ ዳውሰን በሚባል መድኃኒት ቤት ውስጥ አይስክሬምና ለስላሳ ይሸጥ ነበር፤ የአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ይሸጡ ነበር። ይህን መድኃኒት ቤት ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን። ቦብ ምኞቱ ሐኪም መሆን ነበር። በ1941 መጸው ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገና መንፈቅ ሳይሞላው ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች፤ አሜሪካም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባች። በ1942 መጨረሻ ለውትድርና ተመዘገበ፤ በቀጣዩ ዓመት ተጠራና ዘመተ።

በ1945 መጀመሪያ ላይ ምክትል መቶ አለቃ ቦብ ዶልን የምናገኘው ጣሊያን ነው። የተመደበው ተራራ በሚወጡና በበረዶ ላይ በሚንሸራተቱ ሰዎች በተቋቋመው 10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ውስጥ ነው። ካንሳስ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ዓይን እስኪታክት ቢያዩት ሜዳ። ከዚያ ሜዳ የወጣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ካስቴል ዳያኖ ከምትባል መንደር አጠገብ፣ በከፍታዋ ልክ ኮረብታ 913 ተብላ ከምትጠራ ተራራ ሥር ወታደሮች ይመራ ጀመር።

ጥቃቱ የታሰበው ለኤፕሪል 12 ነበር፤ አየሩ አልመች ብሎ ለሁለት ቀን ተላለፈ። በዚያው በኤፕሪል 12 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አረፉ። ኤፕሪል 14 ጧት ክፍለ ጦሩ ተነሣ። ጀርመኖቹ ከላይ መሽገው መትረየስ ያዘንባሉ፤ ሜዳውም ፈንጂ የተቀበረበት ነው። የዶል የሬድዮ ሠራተኛ ተመትቶ ወደቀ። ዶል ከነበረበት ጉድጓድ ተስቦ ወጥቶ ሊጎትተው ሄደ። በዚህ መሀል አንዳች ነገር ከኋላ መጥቶ ቀኝ ትከሻውን አደቀቀው፤ አከርካሪውንም ጎዳው። ጥይት ይሁን የመድፍ ፍንጣሪ ተለይቶ አልታወቀም። በግንባሩ ተደፍቶ እጆቹን ፈለጋቸው፤ አልተሰሙትም። ተቆርጠው የሄዱ መሰለው። እጆቹ ግን ከራሱ በላይ ተዘርግተው ነበር።

አንድ ሳጅን እየጎተተ ከተኩሱ አወጣው። ሌላ ጓደኛው ሞርፊን ወጋውና፣ ጣቱን በዶል ደም ነክሮ ግንባሩ ላይ «ኤም» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈበት። ኋላ የሚደርስ የሕክምና ሰው መወጋቱን ሳያውቅ ሞርፊን ቢደግምበት ይሞታልና ነው። ጦሩ ወደፊት ቀጠለ። ልጁ ያቺን ፊደል ግንባሩ ላይ ይዞ ዘጠኝ ሰዓት ያህል እዚያው ተኛ። በጣሊያን የነበረው የጀርመን ጦር እጁን የሰጠው ሜይ 2 ነው። በመካከሉ ያለው አሥራ ስምንት ቀን ብቻ ነው!

እንግዲህ ራስል ቴሌግራም ደረሰ። ልጅ ያዘመተ ሁሉ የሚፈራው፣ ገና ፖስተኛው ከሩቅ ሲታይ ጉልበት የሚያብረከርክ ቴሌግራም። ልጃቸው አልሞተም፤ ቁስሉ ግን ብርቱ ነው። ከጣሊያን ወደ ካዛብላንካ፣ ከካዛብላንካ ወደ ማያሚ እያለ በጁን ወር ቶፒካ ወደሚገኘው የጦር ሆስፒታል ገባ። ቶፒካ የካንሳስ ዋና ከተማ ናት፤ ከራስል ሦስት መቶ ኪሎሜትር ግድም ትርቃለች። ቢና ገሰገሰች።

ያየችው ልጅ ከአገጩ እስከ ዳሌው ጀሶ ውስጥ ነው። የሸኘችው ሰማንያ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ስፖርተኛ ነበር። ጠንካራ ናት የተባለላት ቢና እንባ አሸነፋት። ወዲያው ግን ዓይኗን ጠረገችና ወገቧን አሰረች። ባሏ ራስል ቀርቶ ጎተራውን እንዲይዝ፣ እሷ ሆስፒታሉ አጠገብ አፓርታማ ተከራይታ እንድትቀመጥ ሆነ። የልጁ እጆች አይታዘዙም፤ ስለዚህ ታጎርሰዋለች። ታጥበዋለች። ላቡን ትጠርጋለች። ቢና ሲጋራ የሚባል ነገር አጥብቃ የምትጠላ ሴት ነበረች። ልጇ ደግሞ አጫሽ ሆኖ ተመልሷል፤ እጅ የለው፣ ራሱ አይለኩሰው። እና ያቺ ሲጋራ የምትጠላ እናት ሲጋራውን ለኩሳ፣ በጣቷ ይዛ፣ ከንፈሩ ላይ ታደርግለት፣ ጭሱን ሲተፋ መልሳ ታነሣለት ነበር።

ይህችን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ከልቤ አልወጣችም። ጀግና ወልጄአለሁ ብሎ መፎከር ያባት ነው፤ ፎቶውን በመስተዋት አሠርቶ ሳሎን መስቀልም ያለ ነው፤ ያምራልም። እኔ ግን የቢናን ኩራት የማየው በዚያች ሲጋራ ውስጥ ነው። ልጇ ለአገሩ የሰጠውን እጅ እሷ ተክታ ሠራችለት። የሚወደውንም የምትጠላውንም ሳትለይ ሠራችለት።

በጁላይ ትኩሳቱ ከ42 ዲግሪ በላይ ወጣ። ኩላሊቱ ተመርዞ ነበርና አንዱን አወጡት። ያን ጊዜ አይተርፍም ብለው ነበር፤ ተረፈ። ኖቬምበር ላይ ሚቺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ ወደምትባል ከተማ፣ ፐርሲ ጆንስ ወደሚባል የጦር ሆስፒታል አዛወሩት። ትልቁ ሕንፃ ከዚያ በፊት የኮርንፍሌክሱ ዶክተር የኬሎግ የጤና ማረፊያ የነበረ ነው። እዚያ ደግሞ ሳንባው ውስጥ ደም ረጋ። ዶሎች ለሁለተኛ ጊዜ ልጃቸውን ሊያጡት ሆነ።

አሁን ወደ ዶራን ልመለስ። የ1945 ገና ነው። ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ ሁሉ ከያለበት ወደ ቤቱ የሚጎርፍበት የመጀመሪያው ገና። ባቡሮቹ ጢም ብለዋል። ዶራን ልጁ ዘንድ ለበዓሉ ለመድረስ ተሳፈረ፤ መቀመጫ የለም። ቆመ። ከካንሳስ እስከ ሚቺጋን ከሺህ ኪሎሜትር በላይ ነው። ጣቢያ በመጣ ቁጥር ሰው ይወርዳል፣ ሌላ ሰው ይሳፈራል፤ ዶራን ቆሟል። መሸ፣ ቆሟል። ልጁ አልጋ ዘንድ ሲደርስ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ አብጠው ነበር።

ቦብ ዶል ከዚያ በኋላ ሃምሳ ስድሳ ዓመት ብዙ ነገር አየ። ፕሬዚዳንቶችን አማከረ፣ በዓለም ዞረ። የአባቱን ያበጡ እግሮች ግን አልረሳቸውም፤ በስተርጅናም ያነሣቸው ነበር። አባትየው ልጄ ኮርቼብሃለሁ የሚል ዓይነት ሰው አልነበረም። እንደዚያ ያለ ነገር ከዚያ ትውልድ አባቶች አፍ አይወጣም፤ እኛም እንዲህ ያሉ አባቶች አሉን፣ ሲወዱ ዝም የሚሉ። ልጁ ግን ገብቶታል። ምንም ብትሉኝ፣ ሜዳልያ ከሚያጠልቅለት ጄኔራል ይልቅ በቆመበት ያደረ አባት ለቁስለኛ ልጅ ትልቅ ክብር ነው።

ሕክምናው ቀጠለ። በ1946 መጀመሪያ ሳንባው ዳግመኛ ታመመ፤ ፔኒሲሊን አልበጀውም። በ1943 የተገኘ፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ነበር። እዚያ ሆስፒታል ለሦስት ሕሙማን ተሰጠ። አንደኛው ሞተ፤ ሁለተኛው ዓይኑ ጠፋ። ሦስተኛው ቦብ ዶል ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሞት አፋፍ ተመለሰ። ክብደቱ ግን ሃምሳ አምስት ኪሎ ደርሶ ነበር።

ራስል ሲመለስ ከሞት ያመለጠው ልጅ ዕቃ ማንሣት አይችልም፣ ቁልፍ መቆለፍ አይችልም። ቀኝ ክንዱ ወደ ደረቱ ተኮማትሯል። እሱ ደግሞ እንደ ድሮው ቅርጫት ኳስ ካልተጫወትኩ ብሎ ቆርጧል። የወላጆቹ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ገመድ፣ መዘውርና ክብደት ተሰቀለ። ገመዱን ይይዝና ክንዱ እንዲዘረጋ ይጎትታል፣ ላብ እስኪያጠምቀው ይጎትታል። ክንዱ እንቢ ይላል፤ እሱ ይጎትታል። አልችልም ነውር በሆነበት ቤት ያደገ ነውና ቢናም ዶራንም ተው በቃህ አላሉትም።

ተው ያለው ሌላ ሰው ነው። ሀምፓር ኬሊኪያን ይባላል፤ ቺካጎ የሚኖር አርመናዊ የአጥንት ሐኪም። አርመኖችን አዲስ አበባ በደንብ ታውቃቸዋለች፤ ከኦቶማን ምድር ተፈናቅለው በስንት አገር እንደ ገና ጎጆ እንደ ቀለሱ እናውቃለን። ኬሊኪያንም ከእነዚያ ስደተኞች አንዱ ነው፤ ወንድሙ ለአሜሪካ ጦር ሲዋጋ እዚያው ጣሊያን ውስጥ ወድቋል። ዶልን በ1947 አገኘው። ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና አደረገለት፤ ለድካሙ አንዲት ሳንቲም አልተቀበለም። ቁርጥ ያለ እውነትም ነገረው፦ ከእንግዲህ ተአምር አይመጣም፤ በቀረህ ነገር ሥራ። ቦብ ዶል ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪም አይቷል፤ ራሱን እንዲያይ ያደረገው ይህ ሰው እንደሆነ ሲናገር ኖሯል። ልጅ የቆሰለባቸው ወላጆች እንዲህ ዓይነት ሐኪም ይላክላቸው ከማለት በቀር ምን እላለሁ።

ሐኪሙ ዋጋውን ቢተውም የሆስፒታሉ ሒሳብ አለ። የጎተራ ደመወዝ አይችለውም። ያኔ ነው ዳውሰን መድኃኒት ቤት የሚመጣው፤ ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ያ ልጅ አይስክሬም ይሸጥበት በነበረው ባንኮኒ ላይ ባዶ የሲጋር ሣጥን ተቀመጠ። የገባ ሁሉ ይጥልበት ጀመር፤ ያለው ዶላር፣ የሌለው ሳንቲም። ገበሬው፣ የነዳጅ ሠራተኛው፣ ባለሱቁ። 1,800 ዶላር ተዋጣ፤ ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። ያችን ሣጥን ቦብ ዶል ወስዶ ዋሽንግተን ድረስ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አኖራት።

ፐርሲ ጆንስ ሆስፒታል ውስጥ ከተዋወቃቸው ቁስለኞች አንዱን ሳላነሣ ባልፍ ታሪኩ ይጎድልብኛል። ዳንኤል ኢኖዌ ይባላል፤ ከሃዋይ የመጣ፣ ከጃፓን ስደተኞች ዘር የተወለደ። በዚያ ዘመን ጃፓን ጠላት ናት፤ ዘሩ ጃፓናዊ የሆነ አሜሪካዊ ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። ኢኖዌ በ1943 ሲዘምት አባቱ ሊሸኘው አብሮት በከተማ ባቡር ተሳፈረ። ብዙ መንገድ ዝም ብለው ሄዱ። በመጨረሻ አባትየው ተናገረ፤ ይህች አገር ለቤተሰባችን ባለውለታ ናት፣ ስማችንን እንዳታስነቅፍ፣ መሞት ግድ ከሆነም በክብር ሙት የሚል ነበር ምክሩ። ኢኖዌ ዶል በቆሰለ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 21፣ እዚያው ጣሊያን ውስጥ ቀኝ ክንዱን አጣ። የተቀበለው ሜዳልያ ከፍ ተደርጎ ትልቁን የጀግንነት ሜዳልያ የሸለሙት በ2000 ነው።

እነዚህ ሁለት ቀኝ እጃቸውን ያጡ ወጣቶች ባትል ክሪክ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ነገ አወሩ። ዶል ሕግ እማራለሁ፣ ከዚያ ምክር ቤት እገባለሁ አለው። ኢኖዌ ሐሳቡን ወደደውና ለራሱ ያዘው፤ በ1959 ሃዋይን ወክሎ ዶልን ቀድሞት ዋሽንግተን ገባ። ፊሊፕ ሃርት የሚባል ሌላ ቁስለኛም እዚያ ነበር፤ እሱም ሴናተር ሆነ። የድሮው ሆስፒታል ሕንፃ ከ2003 ጀምሮ በሦስቱ ስም ነው የሚጠራው።

ዶልም የተናገረውን ሠራ። ሆስፒታሉ ውስጥ የምትሠራ ፊሊስ የምትባል የተግባር ሕክምና ባለሙያ በ1948 አገባ። በግራ እጁ መጻፍ ተለማመደ፤ የግራ እጁም ጣቶች ቢሆኑ በወጉ አይሰሙትም ነበር። ሸሚዙን መቆለፍ ብቻውን ብዙ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ቀኝ እጁ ላይ ያቺን ብዕር ይይዝ የነበረው ጣቶቹ እንዳይበታተኑ፣ ሰውም ለሰላምታ ብሎ እንዳይጨብጠው ነው። ሕግ ተመረቀ፤ ራስል ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። በ1961 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በ1969 ሴኔት ገባ።

በኦገስት 1976 ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ዶልን ምክትላቸው አድርገው ለምርጫ አጩት፤ በማግሥቱ አብረው ራስል መጡ። ከተማዋ ግልብጥ ብላ ወጣች። ቢና አለች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ዶል ለማመስገን ተነሣ። ርዳታ ባስፈለገኝ ጊዜ የራስል ሰው ደረሰልኝ ማለት ሲጀምር ሣግ ያዘው፤ ግራ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ዝም አለ። ምላሱ ስለት የሚባልለት፣ በክርክር የማይረታው ሰው አለቀሰ። ሕዝቡ ምን እንደሚያደርግ ጨነቀው። ያን ጊዜ ፕሬዚዳንት ፎርድ ተነሥተው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሁሉም ተከተላቸው።

ዶራን ይህን አላየም፤ በ1975 አርፎ ነበር። ይህ ነገር ዛሬም ይቆጨኛል፤ በዚያ መድረክ አጠገብ አንድ ወንበር ለእሱ በተገባ ነበር። ልጁ የሕዝብ ተወካይ ሲሆን ግን አይቷል፤ ሴናተር ሲሆንም አይቷል። ቢና እስከ 1983 ኖራለች። የሸኘችውን ዓይነት ልጅ ባትቀበልም፣ የሄደው ልጅሽ አልተመለሰልሽም ብሎ ማንም አይነግራትም፤ ከማጉረስ ጀምራ እንደ ገና ያሳደገችው እሷ ናትና።